የአደራ ሻንጣና የአስር ሰዓት ተኩሉ መርከብ

እህቴ ከአዲስ አበባ ስቶክሆልም ድረስ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሁለት ሻንጣ ይዛ ነበር። በአንደኛው ውስጥ የራሷ የሆነ አንድ ክር እንኳን አልነበረም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በፌስታል የታሰሩ ጥቅሎች፣ በእያንዳንዱ ላይ በወፍራም ብዕር የተጻፈ ስም። ሁሉም የሰው አደራ ነው። ሳምንቱን ሙሉ “መቼ ነው የምናደርሰው?” ስትለኝ፣ ከሥራ ደክሞኝ እየገባሁ “ደውለንላቸው የለ፣ መጥተው ይወስዳሉ” እያልኩ አሳለፍኩት። አልመጡም።

ቅዳሜ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ በአስር ሰዓት ተኩል ወደ ሄልሲንኪ በሚሄደው ትልቅ መርከብ ቦታ ይዣለሁ። ሰኞ ተመልሰን ማክሰኞ አገሯ ትገባለች። ከመሳፈራችን በፊት ያለው ጊዜ ለስቶክሆልም የተመደበ ነበር፦ አሮጌው ከተማ ጋምላ ስታን፣ የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች ሲለዋወጡ ማየት፣ ከዚያ ውሃ ዳር ቁጭ ብሎ ፊካ፣ ቡና በኬክ። ለመዝናናት ብቻ አልነበረም ያሰብኩት። እትዬ የምላት ይህቺ እህቴ ናት ያሳደገችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በስልክ “ደህና ነኝ፣ ተመችቶኛል” ስላት “እሺ” ትለኛለች፤ ያላመነ ሰው እሺታ። አሁን በዓይኗ አይታ እንድታምነኝ ፈለግሁ።

ቁርስ ላይ “የሰው አደራ ቤት አስቀምጬ ባሕር ላይ አልወጣም” አለች።

“ሰኞ ስንመለስ እናደርሳለን፣ እትዬ።”

“ባንመለስስ፣ አንቺ? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።”

በፖስታ እንላከው ብላት እንደ ሰደብኳት አድርጋ አየችኝ። ላኪዎቹ እናቶች ናቸው። ልጆቻቸውን በዓይኗ አይታ፣ እጅ በእጅ አስረክባ፣ ከሳ ወይ ወፈረ ብላ እንድትነግራቸው ቃል አስገብተዋታል። የሁለታችንን ልብስ በጀርባዬ አዝዬ፣ የአደራውን ሻንጣ እየጎተትኩ ወጣሁ።

መጀመሪያ ስፖንጋ ወደሚባለው ሰፈር በፔንደልቶግ፣ በከተማው ዳር ባቡር፣ ሄድን። ሰዎቹን በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ለሰላምታ ያህል አውቃቸዋለሁ። በር ላይ ሰጥተን የምንመለስ መስሎኝ ነበር። ገና በጠዋቱ ቀይ ወጥ ቀረበ። አንዲት ጎረቤታቸው ሳታንኳኳ ገብታ አብራን ተቀመጠች። ልጆቹ በአማርኛ ሲጠየቁ በስዊድንኛ ይመልሳሉ፣ እህቴ እንደገባት ሁሉ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ኮቴን ሳላወልቅ በስልኬ የባቡር ሰዓት እፈልጋለሁ፤ እሷ ከባለቤቲቱ ጋር ጆሮ ለጆሮ ገጥማ ታወራለች። “በሞቴ” እየተባልኩ ጎረስኩ፤ ተናዶ የሚበላ ሰው ምግብ እንደማይወርድለት ያን ቀን አወቅሁ።

ሁስቢ በሚባለው ሰፈር ደግሞ የአደራው ባለቤት ሌሊት ሠርቶ ተኝቷል። ሚስቱ እኔ እቀበላለሁ ብትል እህቴ “ሳላየው አልሄድም” አለች። ተቀሰቀሰ። ፊቱን ታጥቦ፣ ስለ እናቱ ጉልበት አንድ በአንድ ጠይቆ እስኪጨርስ ዘበኞቹ ተለዋውጠው ገብተዋል። እዚያ ያደረ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ ባልና ሚስትም ጨዋታው ጥሟቸው እዚያው ቀሩ። እኔ በረንዳ ወጥቼ ብቻዬን ተነጫነጭኩ።

ወደ መጨረሻው ቤት፣ ወደ ሃሉንዳ፣ የሚወስደው ቀዩ ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ጋምላ ስታን ላይ ይቆማል። በሩ ተከፈተ።

“ይኸው፣ እዚህ ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ” አልኳት።

ሻንጣውን በጉልበቶቿ መሐል ይዛ “አንድ ቤት ቀረን እኮ” አለች። በሩ ተዘጋ።

የሃሉንዳዋን ሴት፣ አንዲት ጓደኛዋ ፀጉሯን እየሠራቻት አገኘናት። ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ እህቴን አቅፋ አለቀሰች። እንዲህ ያለውን ሰው ቶሎ በይ አይሉት ነገር! ስንመለስ በዚያው ጣቢያ አለፍን። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ስለነበር እኔም ውረጂ አላልኳት። ንዴቱ እንባ እንባ አለኝ።

የመርከቡ መግቢያ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ደረስን። ላይኛው ፎቅ ወጥተን ቆምን፣ ከተማዋ ቀስ እያለች ወደ ኋላ ቀረች።

“ይኸውልሽ ስቶክሆልም” አልኳት፣ ቁጣዬን ሳልደብቅ። “ያ ቤተ መንግሥቱ ነው። ሃያ ዓመት የኖርኩበትን ከተማ ሳታዪ ልትሄጂ ነው።”

ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሳችም።

“ሦስቱንም ቤት ጠየቅኳቸው” አለች ዝግ ብላ። “እህቴ ብትታመም የሚደርስላት ማን ነው አልኳቸው። አንዳቸውም ቤትሽን አያውቁትም።”

እዚህ አገር ሰው ሳይደዋወል ቤት ለቤት አይሄድም ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ከገባንባቸው ቤቶች እንግዳ ያልነበረበት አንድም አልነበረም።

“ትርፍ ቁልፍሽ ማን ጋ ነው?” አለችኝ።

ሁለቱም ቁልፎች ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ።