የተወለወለው ብር

አቶ ኩራሞቺ ጎመን ገዝተው መልስ ሲሰጧቸው እንኳ ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ነው የሚይዙት። በጃፓኗ ከተማ በካናዛዋ የአሮጌ ሳንቲሞችን ዘመንና ብርቅነት እየለዩ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ ጣታቸው ሌላ አያያዝ አያውቅም።

ዛሬ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሺዙ የሟች ባላቸውን የብር ሳንቲም፣ ፎቶው ከቆመበት ከቤታቸው መሠዊያ አንስተው ወደ አቶ ኩራሞቺ ሱቅ አመጡ። እንደ መስታወት ያበራል።

«ልጆቹ ‹አባባ በማይረባ ብረት ተሞኘ› እያሉ ይስቁበት ነበር። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ብርቅ ነው?»

አቶ ኩራሞቺ በማጉያ መነጽር አዩት። የንጉሠ ነገሥት ሜጂ ዘመን ሰባተኛ ዓመት ይላል፤ በእርግጥም ብርቅ ነው። ግን ውልወላው የላይ ቆዳውን ገፎታል፤ ከእንግዲህ የሚፈልገው ሰብሳቢ የለም። ሁሉንም ቢናገሩ የሴትየዋን ልብ ይሰብራሉ፤ ቢክዱ ደግሞ ሟቹ ሞኝ ሆኖ ይቀራል።

«ምነው፣ ሳንቲሙ ነከስዎት እንዴ?»

«ብርቅ ነው፣ እትዬ። ባለቤትዎ አልተሞኙም።»

«ብዬ ነበር! እኔም እኮ በየጠዋቱ በጥርስ ሳሙና ነው የምፈትገው። ነገም ልቀጥል፣ አይደል?»

አቶ ኩራሞቺ ሳንቲሙን በጠርዙ ይዘው መለሱላቸው።

«ይቀጥሉ» አሉ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ሳይከተል ጫማቸውን አጠለቁና ሱቃቸውን ከነእንግዳቸው ትተው፣ በወንዙ መንገድ ቁልቁል ሄዱ።