ናፍታ የሸተተው ውሃ

ሥራ የጀመርኩ ቀን እትዬ ዘይነብ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ታደሰ፣ እዚህ ሰውም አትመን፣ ውሃም አትመን» አሉኝ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሰመራ ውስጥ ማረፊያ ቤት አላቸው። ውስጧ አልጋ፣ ምድጃና ዕቃ ማጠቢያ ያላት አሮጌ ቫን ነበረቻቸው፤ ለተመራማሪዎችና ለጎብኚዎች ያከራዩአታል። እኔ ሎጊያ ከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት የሠራሁ መካኒክ ነኝ። የቫኗን ውሃ እንድይዝ ተቀጠርኩ።

«ውሃ ደግሞ ምን ሥራ አለው?» ብዬ ስቄ ነበር። አልጋውን አንሥቼ ሥሩን ሳይ ሳቄ ጠፋ። ታንከር፣ ከታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚሄድ ጎማ፣ ከዚያ ማጣሪያ፣ ከዚያ ቧንቧው። መገጣጠሚያው ሁሉ በፋሸታ፣ በሚጠብቅ የብረት ቀለበት፣ የታሰረ ነው። በዚያ ሙቀት ጎማው ደርቆ ይሰነጠቃል፤ አቧራው ማጣሪያውን ይደፍናል። ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ ፓምፑ በየደቂቃው ጥርር ካለ፣ የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል ማለት ነው። ጆሮዬ ይህን የለመደው ከብዙ ጉዞ በኋላ ነው።

የእትዬ ምክር ቶሎ ገባኝ። የውሃ ቦቴ ሲመጣ መጀመሪያ በነጭ ሳህን ቀድቼ አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ እቀምሳለሁ። ባለቦቴው ይስቅብኛል፤ እኔ አልስቅም። ከየጉዞው በኋላ ታንከሩን በበረኪና አጥቤ ሽታው እስኪለቅ አለቀልቃለሁ። የመሙያውን ክዳን በቁልፍ ዘጋሁት። አንዱ ቁልፍ እኔ ጋ፣ ሌላው ሾፌሩ ሑመድ ጋ ነበር።

ሑመድ የዲቾቶ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ። በየመንገዱ ቆሞ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር በአፋርኛ ያወራል። እኔ ቋንቋውን አልሰማም። የማልሰማው ነገር ሁሉ ስለ እኔ የሚወራ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሑመድ ያለ እኔ ከአዋሽ ሰመራ ያመጣቸው ሦስት እንግዶች ያፈሉትን ሻይ መጠጣት አቃታቸው። የቡድኑ መሪ፣ አንድ ፕሮፌሰር፣ ብርጭቆውን ሰጡኝ።

«ምን ምን ይልሃል?»

«ናፍታ» አልኩ።

ወዲያው ወደ ሑመድ ዞርኩ። «ታንከሩ ውስጥ ምን ጭነህ ነበር?»

«ውሃ።»

«ቁልፉ አንተ ጋ አይደል?»

«አንተስ ጋ የለም?»

እትዬ ዘይነብ መሃላችን ገቡ። «ሑመድ፣ ልጄ፣ ወላሂ በለኝ።»

«ወላሂ፣ ከውሃ በቀር ምንም አልጨመርኩበትም።»

ወደ እኔ አዩ። እኔ አላመንኩትም፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ሑመድ የመኪናውንና የታንከሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሌባ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው የሚጠጣውን አበላሸ አልከኝ» ብሎ ወጣ።

ታንከሩን ሦስት ጊዜ አጠብኩ። አዲስ ሾፌር ተቀጠረ፤ የመሙያውን ሁለቱንም ቁልፍ እኔ ብቻ ያዝኩ። በሚቀጥለው ጉዞ ውሃው እንደገና ናፍታ ናፍታ አለ። አዲሱንም ሾፌር በክፉ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ግን በምን ይከፍተዋል? ቁልፍ የለው።

ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት ያን ጊዜ ነው። ከታንከሩ ሥር ካለው ማፍሰሻ ቀዳሁ፤ ንጹሕ ነው። ከቧንቧው ቀዳሁ፤ ይሸታል። እንግዲህ ነገሩ መሃል ላይ ነው። ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ጎማ ፈትቼ አሸተትኩት። የተሰነጠቀውን ጥዬ እኔው የገጠምኩት ጎማ ነው፤ ሑመድ ከመሄዱ በፊት ለነበረው ጉዞ። ያመጣሁት ከድሮው ጋራዤ ነው። አጥቤዋለሁ ብዬ ነበር። ናፍታ የሄደበት ጎማ ግን ቢታጠብም ውሃ ሲያድርበት ሽታውን ይለቃል። ጎማውን ይዤ እትዬ ጋ ገባሁ።

እትዬ ዘይነብ ጎማውን አሸተቱ። «አስምዬው ሳላምነው ቀረሁ» አሉ። «ሂድና አምጣው። እሱ ካልመጣ አንተም አትምጣ።»

በሚኒባስ ዲቾቶ ወረድኩ። ሑመድ ጎሚስታው ደጅ ጥላ ሥር ከሾፌሮች ጋር ተቀምጧል። አየኝ፤ አልተነሣም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። «ጎማው ነው። የገጠምኩትም እኔ ነኝ።»

ሾፌሮቹ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስታዋርደኝ ማን ማን ነበር?»

«እትዬና ሦስቱ እንግዶች።»

«እንግዶቹም ይስሙት።»

እዚያው ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። ሑመድ ድምፁን ከፍ እንዳደርገው በእጁ አሳየኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። ጎማውን ከየት እንዳመጣሁትም አልደበቅኩም።

ሑመድ ከሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ ዓመታት አብረን ሠራን። ወዳጅ ሆንን አልልም። አዲስ ዕቃ ልገጥም ስል እጁን ይዘረጋል፤ እሰጠዋለሁ፤ አሽትቶ ይመልስልኛል። አንድም ቀን አልከፋኝም።

አሁን ሥራውን ለሌላ ባለሙያ አስረክቤያለሁ። ለጠየቀኝ የምለው ይህን ነው፦ ለሚጠጣ ውሃ ሌላ ነገር የሄደበትን ጎማ አትግጠሙ። ውሃው ከሸተተ ከታንከሩ ጀምራችሁ በየመገጣጠሚያው ቅዱና አሽቱ። ራሳችሁ መጨረሻ የነካችሁትን መጀመሪያ ፍቱት። የሰው ስም የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።