ጥፋቱ የሌላ፣ ጭማሪው የእኔ

ከእስቴ የወጣሁት ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፈተ በተባለ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። አባየ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ድረስ ሸኝተውኝ፣ የአውቶቡሱን ሹፌር በመስኮቱ ጠርተው «ልጄን ደብረ ታቦር በሰላም አድርስልኝ» አሉት። ከደብረ ታቦር ወዲያ ያለውን ለማን አደራ እንደሚሉ ጨነቃቸው መሰለኝ። እኔም ነርስ ሆኜ የሠራሁባትን ከተማ ዞሬ እያየሁ፣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አሁን እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ በሚባል ከተማ፣ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ሥራው ያለ መኪና አይሆንም። እናንተ የጉና ብርድ ትላላችሁ፤ የጉና ብርድ እኮ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፣ የዚህኛው ፀሐይ ወጥታም አይለቅ። ገብስ እንኳ አግኝቼ ነበር፣ «ባርሊ» ብለው ለሾርባ በላስቲክ ይሸጡታል። ቆላሁት፤ የገብስ ሽታ የለውም።

ለፋሲካ እስቴ ልገባ ፈቃድ ወስጄ፣ ለትኬት የሚሆን አስቀምጬ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ መኪናዬ ደጅ ቆማ፣ እኔ ቤት ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ፣ ጓ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብወጣ፣ ፊት ለፊት የሚኖሩት ሽማግሌ ሚስተር ኮሊን መኪናቸውን ወደ ኋላ ሲያወጡ የእኔን መኪና በር ጨምድደውታል። አዩኝ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። የኢንሹራንሳቸውን ስም ጽፈው ሰጡኝና ገቡ።

ኢንሹራንሳቸው ጥፋቱን አምኖ የመኪናዬን በር አሠራልኝ። አለቀ ብዬ ሳለሁ ውሌን የማድስበት ጊዜ ደረሰና የራሴው ኢንሹራንስ ክፍያዬን ከፍ አድርጎ ላከልኝ። ደወልኩ።

«ፕሪሚየምዎ የጨመረው አደጋ ስለተመዘገበብዎት ነው» አለኝ ሰውየው።

«እኔ እኮ አልነዳሁም፤ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።»

«እናውቃለን። ጥፋተኛ አይደሉም ተብሎ ተጽፏል።»

«ታዲያ?»

«አንዴ የተገጨ ሰው ዳግም ሊገጭ ይችላል ብሎ ሲስተሙ ያስባል።»

«ሻዩን ልተው?»

አልሳቀም። ሌሎች ኩባንያዎች ጋም ደወልኩ፤ ሁሉም «አደጋ ደርሶብዎት ያውቃል?» ይላሉ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን። እንዳልዋሽ፣ ከታወቀ ውሉ ይፈርሳል። አዲስ የመጣችሁ፣ ስትዋዋሉ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እኔን የነገረኝ አልነበረም። ለትኬት ያልኩት እዚያው ገባ።

ለአባየ «ለፋሲካ አልመጣም፣ ሥራ በዛብኝ» አልኳቸው። አላመኑኝም። ሲያጠብቁብኝ እውነቱን ነገርኳቸው። አባየ ስንቱን የተጣላ ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል አልጠየቁም።

«ሰውየው ይቅርታ ብሎሻል?»

«አላለኝም።»

«በይ አገናኚኝ።»

እሑድ ስልኬን በቪዲዮ ከፍቼ የሚስተር ኮሊንን በር አንኳኳሁ። አባቴ ሊያነጋግሩዎ ይፈልጋሉ ስላቸው ደንግጠው ሹራባቸውን አስተካከሉ። መሐል ቆሜ አስተረጎምኩ።

«ያን ቀን ይቅርታ ልላት ነበር» አሉ ሚስተር ኮሊን። «ይቅርታ ካልክ ጥፋትህን አመንክ ማለት ነው ይሉናል ኢንሹራንሶቹ። ፈራሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እግዜር ይቅር ይበለን» አሉ አባየ ቶሎ ብለው። ከዚያ የሰውየውን ሳሎን በስልኩ ውስጥ ቃኘት አደረጉና፣ «ብቻዎን ነው የሚኖሩ?»

«ሚስቴ ከሞተች ወዲህ፣ አዎ።»

«ልጅስ?»

«አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፤ አውስትራሊያ ነው። ይደውላል።»

«ገባ እያልሽ እያቸው» አሉኝ አባየ ቀስ ብለው። «እስኪ ስልኩን ወዳንቺ መልሽው።»

መለስኩት።

«ከስተሻል። መቼ ነው የምትመጭ?»

ሚስተር ኮሊን ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ምን አሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ያችን ጥያቄ ብቻ አልተረጎምኩላቸውም።