እጣን ያልተስማማው ሳንባ

የእህቴን ባል ጋሼ አበጋዝን የማያውቅ ሰው እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆሊውድ ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ሲጋራ ከእጃቸው ወርዶ አያውቅም ነበር። በመጨረሻ ሳንባቸው እምቢ አለ። ሁለት ዓመት የኦክስጅን ጋሪ ሲጎትቱ ከቆዩ በኋላ አንድ ቀን ሆስፒታሉ ደወለ፤ ስሙን የማናውቀው ሰው ሞቶ ሳንባው ተገኝቷል። እህቴ ፀሐይወርቅ ስልኩን እንደያዘች መጀመሪያ ለሟቹ አለቀሰች፣ ከዚያ ለባሏ እልል አለች።

አዲሱ ሳንባ ከገባ በኋላማ ሰውዬውን ማን ይቻላቸው! በየማኅበሩ፣ በየክርስትናው፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈታ አድርገው ጠባሳ ያሳያሉ። ሲጋራ የያዘ ወጣት ካዩ መንገድ ተሻግረው ሄደው «ልጄ፣ እኔን አይተህ ተማር!» ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሲመሰክሩ እኔ ራሴ ተንሰቅስቄ አልቅሻለሁ። አሁን ሳስበው ያ እንባዬ ያናድደኛል።

ለምን አትሉኝም? እኔ እዚሁ ፌርፋክስ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ነጠላ፣ እጣን እሸጣለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ቆሻሻ ልጥል በጓሮ በር ብወጣ፣ ከገንዳው ኋላ ጭስ ይወጣል። እሳት የተነሣ መስሎኝ ልጮህ ስል ጋሼ አበጋዝ ብቅ አሉ። ሲጋራዋን በመዳፋቸው ሸፍነዋታል።

«አይዳዬ፣ አንዲት ብቻ እኮ ናት።»

«በሰው ሳንባ?» አልኳቸው።

«ኧረ ቀስ በይ! የድሮው ስንት ዓመት ችሎኛል፤ ይሄ ገና አዲስ ነው፣ ምን ነክቶት!»

አያችሁልኝ? ሰውየው ሳንባቸውን እንደ አዲስ መኪና ገና ብዙ ማይል አልሄደም ብለው ነው የሚያስቡት። ለእህቴ እንዳልነግር በማርያም ለመኑኝ። እኔም ጅሏ ዝም አልኩ። የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው፣ አልክድም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ክሊኒክ ሄደው መለኪያው ላይ ሲነፉ ትንፋሻቸው ወርዶ ተገኘ። ሐኪሙ ጭስ ያለበት ቦታ ይውሉ እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ ጋሼ አበጋዝ ዓይናቸውን እንኳ ሳያሹ «እጣን» ብለው እርፍ! ቤትም ይጨሳል፣ ቤተ ክርስቲያንም ይጨሳል፣ ባህላችን ነው አሉት። ሐኪሙም የእውነቱን ነው፣ ለሳንባቸው የማንኛውም ነገር ጭስ አይበጅም ብሎ ወረቀት ጻፈላቸው።

ወረቀቱን ይዘው በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን። አባ ዘርዓብሩክ ደግ ቄስ ናቸው፤ አንብበው ተጨነቁ። ከዚያ ወዲያ ማዕጠንቱን ይዘው ሲዞሩ ጋሼ አበጋዝ የቆሙበት ጥግ ሊደርሱ ሲሉ ይጠመዘዛሉ፤ በዚያ በኩል የቆመው ምእመን ሁሉ ሳይታጠን ይቀራል። የሴቶች ማኅበሩ እሳቸው በሚገኙበት ቤት እጣን እንዳይጨስ ወሰነ። እህቴማ የእናታችንን ማጨሻ በፎጣ ጠቅልላ ጋራዥ ከተተችው። እኔን ደግሞ «አማችሽን ልትገድዪው ነው?» የሚለኝ ሲበዛ፣ እጣኔን ከመስኮቱ ሥር አንሥቼ እንደ ሐሺሽ ከሽሮው ጀርባ ደበቅኩት።

እሳቸውስ? ቅዳሴው ሲጋመስ «ትንሽ አየር ልውሰድ» ብለው ይወጣሉ። ሰው ሁሉ እያዘነ መንገድ ይለቅላቸዋል። የሚወስዱትን አየር የማውቀው እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ትንፋሻቸው በግማሽ ወረደ። ሰውነታቸው ሳንባውን አልቀበልም ብሎ ሊሆን ይችላል ተባለ፤ ከሆነ ከባድ መድኃኒት ይጀመርላቸዋል፣ መድኃኒቱም ለሌላ በሽታ ያጋልጣል። እህቴ እንቅልፍ አጣች፤ ፊቷ ከሰል መሰለ። ለቀጠሮው ፓልምስ ሰፈር ካለው ቤታቸው አንሥቼ ድራይቭ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ዛሬ እዚያው ሐኪሙ ፊት እውነቱን አወጣለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ሦስታችንም ገባን።

ሐኪሙ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና በደማቸው ውስጥ ኒኮቲን መገኘቱን ነገረን።

«እጣን ነው!» አሉ ጋሼ አበጋዝ።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ኒኮቲን የትምባሆ ነው፣ እጣን ውስጥ የለም። «የሚያጨሱ ከሆነ ቁርጡን ማወቅ አለብኝ» አላቸው። «ሕክምናው ይለያል። በማያስፈልግ መድኃኒት ልጎዳዎት አልፈልግም።»

ጋሼ አበጋዝ ጫማቸውን ያያሉ። እህቴ እሳቸውን ታያለች። ያኔ ገባት፤ ሲገባት አየሁ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ግን ቀደመችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ «ሚ» አለችው። «አይ ስሞክ። ሆም።»

ደሙ ውስጥ የገባው ቤት የማጨሰው የእኔ ጭስ ነው ማለቷ ነው። በስመ አብ! ሲጋራ በየትኛው ጫፉ እንደሚለኮስ የማታውቅ ሴት! አጫሽ መሆኑ ከታወቀ ሕክምናውን ይነፍጉታል ብላ ፈርታ ነው። ባልየውስ? ሚስታቸው በእሳቸው ኃጢአት ስትገባ ዝም! በቦርሳዬ ግንባራቸውን ልላቸው ቃጣኝ።

ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረና በቀን ስንት እንደምታጨስ ጠየቃት።

እህቴ ይሄን አላሰበችበትም። ወደ ባሏ ዘንበል ብላ ባማርኛ «ስንት ልበለው?» አለችው።

ጋሼ አበጋዝ ከጫማቸው ቀና ሳይሉ፣ በቀስታ፣ «ስድስት በይው» አሏት።

«ስድስት?» አለች።

«በቀን?»

ጋሼ አበጋዝ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማጥበቅ ጀመሩ። ምናልባት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይሆናል ብላ ገምታ ነበር መሰለኝ። ከወንበሯ ብድግ አለች። እንባዋ እየወረደ ጣቷን ባሏ ላይ ቀስራ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ሲክስ» አለችው። «ኖት ሚ። ሂም።»