የጌታነህ ቢራና የአማቱ ክንድ

ጌታነህ የማይለካው ነገር የለም። ሶዶ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ቤቱ ገብቶም ልኬቱን አይተውም። የልጆቹን ገላ መታጠቢያ ውሃ በቴርሞሜትር ይለካል፣ ሾርባ ሲቀርብለትም አንዴ ነከር ያደርግበታል። ሚስቱ ሜላት ለምዳዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ቢራ በቤቴ ልጥመቅ ቢል ማን ይገረማል?

የሜላት ወንድም ኤርሳዶ ግን ዘመድ በተሰበሰበበት ሳቀበት። "ቢራ የሚጠምቀው ፋብሪካ ነው እንጂ ክሊኒክ ነው እንዴ?"

ጌታነህ ቱግ አለ። "ለጊፋታ የምትጠጡት የኔን ነው!" ብሎ ማለ። ምላሱን በነከሰ ይሻለው ነበር፤ የወላይታ አዲስ ዓመት ሲመጣ ክብሩ በአንድ ብርጭቆ ሊመዘን ነው።

በዓሉ ወር ሲቀረው ትልቁን ድስት ጣደ። ውሃውን ሰባ ዲግሪ አድርሶ፣ አጥቁሮ የቆላውን ብቅል በስስ ከረጢት ቋጥሮ ልክ ሠላሳ ደቂቃ ነከረው። ከረጢቱ ውሃው ሳይፈላ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ በራሱ ጊዜ ይንጠፈጠፋል እንጂ አይጨመቅም። ከተጨመቀ የገለባው ምሬት ይወጣና አፍ ያኮማትራል።

ከረጢቱን አውጥቶ ድስቱ ላይ በወንፊት እንዳስቀመጠው ስልኩ ጠራና ደጅ ወጣ። ሲመለስ፣ ከጉኑኖ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡት አማቱ ወይዘሮ አሳየሽ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከረጢቱን አንቀውታል። አርባ ዓመት እንሰት ጨምቆ ቡላ ያወጣ ክንድ ነው። አንድ ጠብታ አላስቀሩም።

"እማማ..." አለ ጌታነህ። አማትን "ይተዉ!" ብሎ መቆጣት የት አገር አለ? "እጅዎን እንዳያቃጥልዎት" ብቻ አለ።

"ኧረ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሊባክን ነበር!" አሉና ደገሙት።

ጌታነህ ገዝቶ ያመጣውን የብቅል ሽሮፕና ጌሾውን ጨምሮ እያፈላ እግዜርን ለመነ።

በጊፋታ ቀን መጀመሪያ የቀመሰው ኤርሳዶ ነው። አንድ ዓይኑ ተጨፈነ፣ ከንፈሩ ተሰበሰበ። "ምን አባቱ ነው ይሄ? ማን ነው ያበላሸው?"

ጌታነህ አማቱን አየ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ስሙ ይተርፋል። "እኔ ነኝ፤ እሳት አበዛሁበት" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ወይዘሮ አሳየሽ ግን አላስቻላቸውም። "ልጄን ተዉት! ጥፋቱ የኔ ነው" ብለው ተነሡ። ጌታነህ እንባው መጣ። "ያን ቀን እጄን ሲያቃጥለኝ ጊዜ ከረጢቱን አጥብቄ ሳልጨምቀው ለቀቅኩት። አይዞህ ልጄ፣ ለመጪው ዓመት ደህና አድርጌ እጨምቅልሃለሁ።"