ከኩይሳ ሥር የመጣ ትኩሳት

በ1976 ዓ.ም. ናይሮቢ የሚኖር ሐበሻ ፋንቱን «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «የዝንብ ሆድ እከፍታለሁ።» ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን ቀልድ አልነበረም የምታወራው።

አርባ ምንጭ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ሁለት ጓደኞቿ ሲታሰሩ፣ ተራዋ ሳይደርስ በሞያሌ ወጣች። ናይሮቢ ላይ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈውን በሽታ፣ ካላዛርን፣ የሚያጠኑ ሰዎች ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲሏት ሄደች። ዲግሪዋን አላዩም። አሥር የአሸዋ ዝንቦች ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጠው ሁለት ቀጫጭን መርፌ ሰጧት። የአሸዋ ዝንብ ማለት ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ነገር ናት። አንገቷን በአንዱ መርፌ ይዞ በሌላው ጅራቷን ቀስ እያሉ መሳብ ነው፤ አንጀቷ ሳይበጠስ የውሃው ጠብታ ላይ መውጣት አለበት። ፋንቱ ከአሥሩ ዘጠኙን አወጣች። «ጥልፍ የለመደ እጅ ነዋ!» ትላለች ስትጠየቅ።

ዝንቦቹ የሚመጡት ከባሪንጎ ቆላ ነው። ቀን ቀን ኩይሳ ውስጥ ይጠለላሉ፤ የጉሎ ዘይት የተቀባ ወረቀት ኩይሳው አፍ ላይ ሲተከልላቸው፣ ሲወጡ ይጣበቃሉ። እንደ ወባ ትንኝ ጆሮ ሥር አይጮኹም። የተነከሰው ሰው ወራት ቆይቶ ትኩሳት ሲይዘው፣ ሰውነቱ ሲያልቅና ጣፊያው ሲያብጥ፣ ከየት እንደመጣበት እንኳ አያውቅም።

አንድ እሑድ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር፣ የስደተኞቹ ጸሎት ማኅበር ሽማግሌ ጋሽ ሥዩም ቤት፣ ጸሎት አብቅቶ ሻይ ይጠጣል። ወንጌላዊው ወንዳፍራሽ ሁለት ሹራብ ደርቦ ጥግ ተቀምጧል። ከአገር ከወጣ አራት ወሩ ነው። ክሊኒኩ ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ሰጥቶታል፤ አክታውም ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። ቀበቶው ላይ በሚስማር ሦስት አዳዲስ ቀዳዳ በስቷል።

«ወባ ነው እንጂ» አሉ ጋሽ ሥዩም፤ «ሦስተኛ ዙር ይዋጥ።»

«ወባማ ቢሆን እስካሁን አንዱን ባደረገው ነበር፣ ጋሼ» አለች ፋንቱ። ወደ ወንዳፍራሽ ዞረችና፣ «ስትመጣ የት ነበር የምታድረው?»

«መንገድ ላይ ነዋ፣ እህት ፋንቱ! ሆቴል የያዝኩ መሰለሽ?»

ሰው ሳቀ። እሱም ፈገግ ብሎ ቀጠለ። «ሰገን ሸለቆ ወታደር ሞልቶት ነበር። አሥራ አንድ ሌሊት ኩይሳ ተደግፌ ተኛሁ። ነፋስ ይከልላል፤ ከሩቅ ሰው መሆኔም አይለይም። ከዚያ አንድ ገበሬ አምስት ወር ደበቀኝ። ትኩሳቱም እዚያው ጀመረኝ።»

ፋንቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ሸሚዝህን ግለጠው እስቲ።»

ወንዳፍራሽ ግራ ክንዱን ጎኑ ላይ አጣበቀ። «አይሆንም።»

«ስንት ሆድ የማይ ሰው ነኝ፣ ምን ያሳፍርሃል?»

«አሁንስ ከዝንብ ቆጠርሽኝ!» አለ፤ ክንዱን ግን አላነሳም።

ወደ ጓዳ ጠርታ በሩን ዘጋች። እንደገና ስትለምነው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሸሚዙን ሰበሰበ። ከግራ ጎድኑ በታች አምስት የእሳት ጠባሳ ተደርድሯል።

«ገበሬው ነው ብረት አግሎ የተኮሰኝ» አለ። «ሲተኩሰኝ የሚያጉተመትመው ነገር ነበር፤ ለመንፈስ ይሁን ለብረቱ አላውቅም። ይኼን ነገር ተዉ እያልኩ ስሰብክ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጋሽ ሥዩም ቢያዩት ምን ይላሉ?»

«ክሊኒክስ?»

«በሸሚዜ ላይ ነው ያዳመጡኝ። ደረቴን ነው ያመመኝ አልኳቸው።»

ፋንቱ ጠባሳው ላይ እጇን አሳረፈች። ጣፊያው እንደ ሳንቃ ደርቆ እምብርቱን አልፏል። «የተኮሰህ ሰው ከክሊኒኩ በተሻለ ቦታውን አውቆታል» አለችው። «እንዲህ እንደ ሆንክ ብትቀመጥ ትሞታለህ፣ ወንድሜ። ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

ከጓዳ ወጥቶ ጠባሳውን ሲያሳያቸው፣ ጋሽ ሥዩም ሸሚዙን መልሰው ሸፈኑለት። የተቆጡት ሌላ ነገር ሲሰሙ ነው። በሽታው መኖሩን ለማረጋገጥ መርፌ ጣፊያው ውስጥ ይገባል።

«በዝንብ ዕውቀት ሰው ልትወጊ ነው?»

«የምወጋው እኔ አይደለሁም፤ ሐኪም ነው።»

«ቢሞትስ?»

ፋንቱ ወደ ወንዳፍራሽ ዞራ፣ «ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ሙቲንዳ አስቀድሞ የወንዳፍራሽ ደም ይረጋ እንደሆነ አስመረመረ። ይረጋል። ከዚያ ፋንቱ እያስተረጎመች ነገረው፤ ጣፊያ ደም የሞላው ስፖንጅ ማለት ነው፤ መርፌው ውስጥ እያለ ቢያስል ይቀደዳል፣ ደሙም ሆዱ ውስጥ ይፈሳል። ስለዚህ ትንፋሹን መያዝ አለበት።

ወንዳፍራሽ ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ብትሆኚ ትተኚለት ነበር?»

«እተኛ ነበር።»

«እውነቱን?»

«እየፈራሁ።»

ተኛ። ዶክተሩ ቦታውን ጠርጎ መርፌውን ሲያነሳ ወንዳፍራሽ አሳለ። ዶክተሩ እጁን መለሰ። እንደገና ሲያነሳ እንደገና አሳለ። ከዚያ ዶክተሩ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ። «በዚህ ሁኔታ አልችልም፤ ሌላ ቀን እንሞክር።»

«ሌላ ቀን የሚቆይ አይመስለኝም» አለች ፋንቱ። ለብ ያለ ውሃ አጠጣችው፤ ጉሮሮው እስኪረጋጋ ጠበቁ። ፊቷን ፊቱ ላይ ደፍታ እጁን ያዘች። «እኔን ብቻ እየኝ። ያዝ።»

ያዘ። መርፌው ገብቶ ወጣ፤ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልፈጀም። እሷ ግን ዶክተሩ «ጨርሰናል» ካለም በኋላ እጁን አለቀቀችም።

ነርሷ በየሩብ ሰዓቱ የልብ ምቱን እየቆጠረች፣ በጀርባው እንደተኛ እንዲቆይ ታዘዘ። ጋሽ ሥዩም አልጋው ጫፍ ላይ ቆመው የነርሷን ከንፈር ያያሉ። ፋንቱ ከጣፊያው የተቀዳው ጠብታ ያለበትን፣ ቀለም የተቀባ መስታወት ይዛ ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጠች። ከዝንብ ሆድ የምታውቀው ጭራ ያለውን፣ የሚዋኘውን ተውሳክ ነበር። ሰው ውስጥ ጭራውን አጥፎ ክብ ይሆናል። አንድ ረድፍ አየች፣ ምንም። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ አንድ ሴል በጥቃቅን እንክብሎች ታጭቆ አገኘች፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ነጥብና አጠገቡ አንድ ጭረት አለ። ዶክተሩን ጠራችው። አጎንብሶ አየና፣ «እሱ ነው» አለ።

ወደ አልጋው ስትሄድ ነርሷ የመጨረሻውን ቆጥራ ቀና አለች፤ ምቱ አልተለወጠም።

«ተገኘ፣ ጋሼ!»

«በሽታ ተገኘ ብሎ ደስታ አለ እንዴ?» አሉ፤ የወንዳፍራሽን እግር ግን ጨብጠው ይዘዋል።

«መድኃኒት አለዋ! በቀን አንድ መርፌ፣ ሠላሳ ቀን።»

«ሠላሳ?» አለ ወንዳፍራሽ ከተኛበት። «በአንዱ እንኳ ስንት ጊዜ አሳልኩባችሁ!»

«እነዚያ ጭንህ ላይ ናቸው። እንዳሻህ አስል።»

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ተወጋ። ፊቱን አጨማደደ፣ ጋሽ ሥዩምን አያቸውና፣

«ሃያ ዘጠኝ» አለ።