ሁለት ኮሪያ መኖሩን ሳላውቅ

ልጅ ሳለሁ ኮሪያ አንድ አገር ትመስለኝ ነበር። ሁለት መሆኗን የነገረኝ ሰው የለም፤ አለማወቄ ግን አባቴን አዋርዶታል። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ፍለጋ አይደለም። ይቅር የሚለኝ ሰው ከሞተ ቆይቷል።

አባቴ አስር አለቃ ይመር በንጉሡ ጊዜ ኮሪያ ዘምቷል። ከውትድርና ሲወጣ ኮምቦልቻ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ ሆጤ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሲመጣ ካፖርቱ የማሽላ አቧራ ይሸታል። የደሴ ጉም በራችን ላይ ተገትሮ ሲውል እኔን አጠገቡ አስቀምጦ የዚያን አገር ብርድ ያወራልኝ ነበር። ዳቦው ደርቆ በሳንጃ ይቆረጥ እንደነበር፣ አሜሪካኖቹ ስለሚያድሉት የቆርቆሮ ምግብ፣ እናትና አባት አጥተው ወታደሩን እግር በእግር ስለሚከተሉ ሕፃናት። ሰዎቹ በምን እንደተጣሉ ግን አንድም ቀን አልነገረኝም። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ደርግ መጣ። ቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት ሲከፍት፣ ትምህርት ቤት ያልገባሁት እኔም ከትልልቆቹ ጋር ገብቼ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ጠመኔና እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጢማሞች የሩቅ አገር ሼሆች አድርጌያቸው ነበር። አስተማሪያችን አንድ ቀጭን ወጣት ነው። አንድ ቀን የአብዮታችንን ወዳጆች ሲዘረዝር «ጀግናው የኮሪያ ሕዝብ» አለ። ዘልዬ ተነሳሁ።

«አባቴ ያውቃቸዋል! እዚያ ሄዶ ተዋግቷል!»

«ከማን ጋር ሆኖ?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«ከአሜሪካኖቹ ጋር ነዋ!» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። ፈገግታው ጠፋ።

በሳምንቱ አባቴ ለሂስ ተጠራ። ሂስ ማለት በጎረቤትህ ፊት ቆመህ ራስህን ትወቅሳለህ፣ ጎረቤትህ ያጨበጭባል፣ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። እምቢ ያለ ወዴት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

«ጓድ ይመር፣ የኮሪያን ሕዝብ ልትወጋ ለምን ሄድክ?» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር።

«ሂድ ተባልኩ፣ ሄድኩ።»

«የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ ነበርኩ በልና ተቀመጥ።»

«ወታደር ነበርኩ።»

ሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት ጎረቤታችን ሐጂ ሰዒድ ብድግ አሉ። «ኧረ በአላህ ተዉት! የልጆች አባት ነው!»

«ሐጂ፣ እዚህ ሃይማኖት አያስገቡ።»

«እኔ መች አስገባሁት? ቀድሞኝ ገብቶ ባገኘው ነው እንጂ!»

ሴቶቹ አፋቸውን በሻሽ ሸፈኑ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «እሱ ካላለ ያጋለጠው ልጁ ይበለው። ተነስ! አባቴ ቅጥረኛ ነው በል።»

ተነሳሁ። ዛሬ ምን ያስዋሸኛል፣ ልለው ነበር። አፌን ስከፍት አባቴ «ተቀመጥ ልጄ፤ የኔ ነው፣ እኔው እለዋለሁ» አለ። ከዚያ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ያዘዙትን ቃል አንድ ሳያስቀር አለው። ተጨበጨበ። ሐጂ ሰዒድም አጨበጨቡ። እናቴም አጨበጨበች።

ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዞኛል። አልተቆጣኝም። «አብሽር፣ አይዞህ» አለኝ። ከዘበኝነቱ ግን አስወጡት። አባቴም እኔን ሁለተኛ ፊደል ወደሚቆጠርበት ቤት እንዳልደርስ ከለከለኝ። ስለዚያ አገር ብርድ ከዚያ ወዲያ አላወራም።

እኔም ሰኞ ገበያ ጆንያ ስሸከም አደግኩ፤ ስሸከምም ጎለመስኩ። ፊደል የለየሁት በአርባ ዓመቴ ነው። ያስተማረኝ ትልቁ ልጄ ነው፤ «አባዬ፣ እንዲህ አይደለም» እያለ ጣቴን ይዞ። ማንበብ ስችል የአባቴን ጦርነት ፈልጌ አነበብኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጃፓን ኮሪያን ገዝታ ኖረች። ጃፓን ስትሸነፍ ሁለት ጉልበተኞች ካርታ ላይ መስመር አሰመሩና ሶቪየት ከላይ፣ አሜሪካ ከታች ያዙ። እያንዳንዱ የራሱን ሃሳብ የሚያዜምለትን መንግሥት አቆመ። ከዚያ ወንድም በወንድሙ ላይ ዘመተ። ከሰሜኑ ጀርባ የሶቪየት መሣሪያና የቻይና ሠራዊት፣ ከደቡቡ ጀርባ አሜሪካና ብዙ አገሮች፤ ከብዙዎቹ አገሮች መሀል ከሆጤ የሄደ ይመር። ይህ ሁሉ ሰው አልቆ መስመሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው አካባቢ ቀረ። ሊቀመንበሩ ይህን ያውቅ ነበር? አያውቅም። እሱም የተነገረውን ነው የሚለው።

ዛሬ ለኮሪያ ዘማች ሜዳሊያ ይሰጣል ሲሉ እሰማለሁ። ይሰጡት። ጦርነትን እኛም ደሴና ኮምቦልቻ ሆነን በዓይናችን አይተነዋል። ሂስ ቀርቷል፤ አሁን ማንም ሳያስገድደው ሰው በስልኩ ላይ የሥጋ ዘመዱን ባንዳ ብሎ ይጽፋል። እኔም ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ደሴ፣ ትንሹ ኮምቦልቻ ነው። በታክሲ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ትልቁ ከትንሹ ወገን ጀርባ ስለቆመው የውጭ መንግሥት ይነግረኛል። ትንሹም ስለ ትልቁ ወገን እንዲሁ። ሁለቱንም እሰማለሁ። አባቴ ያን ቀን ቃሉን ከአፌ ወስዶ ለእኔ ያደረገውን እኔ ለእነሱ በየት በኩል እንደማደርገው አላውቅበትም። ለአረፋ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት ይመጣሉ፤ እናታቸው ሁለት ጊዜ ታቀርባለች።